ከበቅሎ ወደ አጋሰስ፦ የሠራተኛ ማሽን ገጸ ባሕርይ በሁለት የሳይንስ ልቦለድ የስልት ጨዋታዎች

መግቢያ

ሐያሲ ወደ አንድ ሥራ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በዐቢዩ ገጸ ባሕርይ ላይ ነው። ጦረኛው፣ መስፍኑ፣ አፍቃሪው፣ ከዳተኛው የየድርሻቸውን ትንተና ያገኛሉ። ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ጭነት የሚያደርሰው ግን እንደ መቼቱ አካል ተቆጥሮ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ከሚታለፉት አንዱን ገጸ ባሕርይ መመርመር ነው፤ ይኸውም በሳይንስ ልቦለድ የስልት ጨዋታዎች ውስጥ ማዕድን እየቆፈረ ሀብት የሚሰበስበው ማሽን ነው። ለንጽጽር የተመረጡት ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው «ሚዩል» ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2010 የወጣው «ስታርክራፍት 2» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ሥራዎች ለሠራተኛው ማሽን የሰጡት ስም አንድ ነው፤ ሚዩል፣ ማለትም በቅሎ።

አንዳንድ አንባቢ የኮምፒዩተር ጨዋታ ከሥነ ጽሑፍ ጥናት ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ሩቅ አይደለም። እንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። ጠያቂና ተጠያቂ፣ ደንብና ቅጣት አለው፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። ሆኖም እንቆቅልሽን የምናጠናው ስለ ደንቡ ብቻ ሳይሆን፣ በደንቡ ውስጥ ማኅበረሰቡ ዓለምን የሚያይበት መንገድ ስላለ ነው። እዚህ የምናያቸው ጨዋታዎችም እንደዚሁ ናቸው። ታሪካቸው የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ ደንባቸው የሚናገረው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ስለ ጉልበት ያላቸው ሐሳብ በጉልህ የሚገኘው በደንባቸው ውስጥ ነው የሚል ነው።

ትንተናው በአራት ጥያቄዎች ላይ ይመሠረታል። የማሽኑ ስም ምንድን ነው? የራሱ ፈቃድ አለውን? ምን ያስፈልገዋል? ፍጻሜውስ ምንድን ነው?

ስለ ሁለቱ ሥራዎች

«ሚዩል» የዳኒዬል በንተን ቤሪ (1949–1998) ሥራ ነው፤ ሥራው በወጣበት ጊዜ ትታወቅ የነበረው ዳን በንተን በሚል ስም ነው። ያዘጋጀው ኦዛርክ ሶፍትስኬፕ የተባለው አነስተኛ ቡድን፣ ያሳተመው ደግሞ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ነው። መቼቱ ኢራታ የምትባል ፕላኔት ናት፤ ስሟ አታሪ የሚለው የኮምፒዩተር ስም በላቲን ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ የሚገኝ ነው። አራት ሰፋሪዎች በየዙሩ ቁራሽ መሬት ይይዛሉ፤ ከከተማው ጋጣ በቅሎ ይገዛሉ፤ እንደ ፍላጎታቸው የሥራ ዕቃ ያስጭኗታል፤ እስከ መሬታቸው ድረስ ይመሯትና ይተክሏታል። ከዚያ በኋላ እህሉን፣ ኃይሉን ወይም ማዕድኑን የምታመርተው እርሷ ናት። መደበኛው ጨዋታ 12 ዙር ሲሆን፣ በመጨረሻው የሰፋሪዎቹ ሀብት ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ጠቅላላ ሁኔታም ይመዘናል።

«ስታርክራፍት 2» ደግሞ የብሊዛርድ ኢንተርቴይንመንት ሥራ ሲሆን፣ የ1998ቱ «ስታርክራፍት» ተከታይ ነው። ሦስት ዘሮች በጠፈር ላይ ይዋጋሉ። ከእነርሱ አንዱ ቴራን የተባሉት የሰው ልጆች ናቸው። የቴራን መደበኛ ሠራተኛ ኤስ.ሲ.ቪ ይባላል፤ ሰው በውስጡ ሆኖ የሚነዳው የሥራ ማሽን ነው። ከእርሱ በተጨማሪ ግን ሰው የሌለበት ሌላ ቆፋሪ አለ። ዋናው ጣቢያ ወደ ምሕዋር ማዘዣነት ሲያድግ 50 አሃድ ኃይል ተከፍሎ ከሰማይ ይወረወራል። መሬት ሲደርስ ወዲያው ወደ ማዕድኑ ይሄዳል። በ2010ሩ እትም ኤስ.ሲ.ቪ በአንድ ምልልስ 5 አሃድ ማዕድን ሲያመጣ፣ ይህ ማሽን 30 ያመጣ ነበር። ይህ ነው ሁለተኛው በቅሎ።

ስም

ሁለቱም ስሞች አሕጽሮተ ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን ሲፈቱ አንድ አይደሉም። የ1983ቱ ስም ሲፈታ «ለብዙ ዓይነት ሥራ የሚውል የጉልበት አሃድ» ማለት ነው። የ2010ሩ ሲፈታ ደግሞ «ተንቀሳቃሽ ሁለገብ የጨረቃ ቆፋሪ» ይሆናል። በመጀመሪያው ስም ውስጥ «ጉልበት» የሚለው ቃል በግልጽ ሰፍሯል። በሁለተኛው ውስጥ ጉልበት ጠፍቶ መሣሪያ ቀርቷል። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው የጨዋታው ሁሉ አርእስት ነው። ሰፋሪዎቹ መልክና ቀለም ቢኖራቸውም፣ አርእስቱ ላይ የተጻፈችው በቅሎዋ ናት። በሁለተኛው ሥራ አርእስቱም ታሪኩም የሌሎች ነው። የ2010ሩ እትም ትረካ የሚከተለው ጂም ሬይነር የተባለውን ዐማፂ መሪ ነው፤ ቆፋሪው በትዕዛዝ ሰሌዳው ላይ ያለ አንድ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ሮቦት የሚለውን ቃል አመጣጥ ማስታወስ ይገባል። ቃሉ ለዓለም የተዋወቀው በቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ ተውኔት ሲሆን፣ ተውኔቱ በ1920 ታትሞ በ1921 ፕራግ ውስጥ ተመድርኳል። ቃሉን የጠቆመው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። ሥረ ቃሉ «ሮቦታ» ጭሰኛ ለጌታው በግዴታ የሚያበረክተውን ጉልበት ያመለክታል፤ በእኛ ቋንቋ ከሁዳድ ሥራ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ሮቦት ሲወለድ የብረት ስም ሳይሆን የግዴታ ስም ነበረ። የ1983ቱ «የጉልበት አሃድ» ይህን ሥር ይዞ ቆይቷል፤ የ2010ሩ ግን ለቅቆታል።

ፈቃድ

በ«ሚዩል» ውስጥ በቅሎዋ ትኮበልላለች። ሰፋሪው ወደ መሬቱ ሲመራት ከኋላው ትከተለዋለች። ሆኖም በትክክለኛው ቦታ ላይ ሳያቆም ሊተክላት ቢሞክር፣ ታመልጠውና ከመስኮቱ ወጥታ ትጠፋለች፤ የከፈለባት ገንዘብም አብሮ ይጠፋል። በየዙሩ ከሚወጡት የዕድል ዜናዎች አንዱ ደግሞ የተጫዋቹ በቅሎ በሰፈሩ የዳንስ ውድድር አሸንፋ ሽልማት እንዳስገኘች ይነግረዋል። ሌላ ጊዜ ቡሎኗ ወድቆ የጥገና ወጪ ያስከትላል።

እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ሲደመሩ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራሉ። በቅሎዋ ባለቤቷን ልታሳፍረውም ልታኮራውም ትችላለች። አማርኛም በቅሎን የሚያውቃት በዚህ ጠባይዋ ነው። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ ለራሷ አሳጠረች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚሳለቀው በአመፀኛይቱ ላይ ነው፤ ነገር ግን ሲሳለቅባት ገመድ የመበጠስ ፈቃድ እንዳላት አስቀድሞ ተቀብሏል። «ሚዩል» ከዚህም አንድ ርምጃ ይሄዳል፤ ገመዱ ሲበጠስ የሚያጥረው የጌታው ገመድ ነው።

የዚህ ጠባይ ምንጭ ልቦለድ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። የጨዋታው በቅሎ ሐሳብ ከሮበርት ሃይንላይን የ1973 ልቦለድ እንደ ተነሣ ይነገራል። በዚያ ልቦለድ ውስጥ ወደ አዲስ አገር የሚሰደዱት ሰዎች አብረዋቸው የሚጓዙ በቅሎዎች አሏቸው፤ ከመካከላቸውም የሚናገር አለ። እንግዲህ የበቅሎውን ጉዞ ብንከተል፣ በ1973 ትናገራለች፤ በ1983 አትናገርም፣ ግን ታመልጣለች። በ2010ሩ ሥራ ደግሞ አትናገርም፣ አታመልጥምም። የስታርክራፍቱ ቆፋሪ በታዘዘበት ይወርዳል፤ በታዘዘበት ይቆፍራል። ከጎኑ የሚሠራው ኤስ.ሲ.ቪ ሲታዘዝ በሰው ድምፅ ይመልሳል፤ ቆፋሪው ግን የሚያሰማው የማሽን ድምፅ ብቻ ነው።

ፍላጎት

የ1983ቱ በቅሎ ዋጋ አላት። ጨዋታው ሲጀመር በ100 ትሸጣለች። ለእህል ምርት የሚያስፈልገው የሥራ ዕቃ 25፣ ለኃይል 50፣ ስሚቶር ለተባለው ማዕድን 75፣ ክሪስታይት ለተባለው ውድ ማዕድን ደግሞ 100 ያስከፍላል። ኃይልም ትፈልጋለች፤ ሰፋሪው በቂ ኃይል ካላስቀመጠ ከመሬቶቹ አንዳንዱ ምርት ሳይሰጥ ይቀራል። ስለዚህ ሰፋሪው በየዙሩ ስለራሱ ምግብ እንደሚያስብ ሁሉ ስለ በቅሎዎቹም ማሰብ ግድ ይለዋል። ጉልበት ቀለብ አለው፤ ደንቡ ይህን አይደብቅም።

ከሁሉ የሚጠልቀው ምጸት ግን በስሚቶር ላይ ያለው ነው። በቅሎዎች የሚሠሩት ከዚሁ ማዕድን ነው። አንድ ተጫዋች ስሚቶሩን ሰብስቦ ቢያከማች ጋጣው በቅሎ ያጥረዋል፤ ዋጋዋም ይንራል፤ ሌሎች ሰፋሪዎች መሬት እያላቸው የሚያለማላቸው ያጣሉ። ስሚቶሩን የምትቆፍረው ደግሞ ራሷ በቅሎዋ ናት። በተፈጥሮ በቅሎ መካን ናት፤ ዘር አታፈራም። የአማርኛው ተረትም ይህን የተውሶ ማንነት ይዞ፣ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ስትል ያሰማናል። በኢራታ ግን መካኗ በቅሎ በጉልበቷ የነገውን በቅሎ አካል ከመሬት ታወጣለች። ሠራተኛ ራሱን ተተኪውን ጭምር በሥራው እንደሚያስገኝ፣ ያንን የያዘም ሌሎቹን እንደሚይዝ፣ ጨዋታው አንድ ቃል ሳይሰብክ በገበያው ብቻ ያሳያል።

የ2010ሩ ቆፋሪ ማዕድን አይጠይቅም። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ወገን ከፈቀደው 200 የሕዝብ መጠን ውስጥም ቦታ አይወስድም። የሚያስፈልገው የጣቢያው ኃይል ነው፤ ያ ኃይል ደግሞ ከጊዜ ጋር ራሱ ይሞላል። በሌላ አነጋገር፣ ከሰማይ በነጻ የወረደ ጉልበት ይመስላል።

ፍጻሜ

የ1983ቱ በቅሎ በመሬቷ ላይ ትኖራለች። ባለቤቷ ሲፈልግ አውጥቶ ዕቃዋን ይለውጥላታል፤ ትናንት እህል ያመረተችው ዛሬ ማዕድን ትቆፍራለች። ጨዋታው ሲያልቅ ከሰፋሪው ሀብት ጋር ትቆጠራለች።

የስታርክራፍቱ ቆፋሪ ዕድሜ ግን አስቀድሞ ተለክቷል። በቀድሞው የጨዋታ ሰዓት 90 ሰከንድ ነበር፤ ከ2015ቱ እትም ወዲህ ባለው አቆጣጠር 64 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ጠላት ባይነካውም ፈርሶ ይቀራል። ማንም አያነሣውም፤ ተጫዋቹም አያየውም፤ ዓይኑ ጦርነቱ ላይ ነው። ጣቢያው ኃይል ሲሞላ ሌላ ይወረወራል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የማሽን ጉዳይ ነው ብለን በተውነው ነበር። ነገር ግን ደንቡ ሌላ ውጤት አስከተለ። ቆፋሪው ከ200ው መጠን ቦታ ስለማይወስድ፣ ጨዋታው ሲረዝም የቴራን ተጫዋቾች አንድ ስልት ይጠቀማሉ። ብዙ የምሕዋር ማዘዣዎችን ይሠራሉ፤ ማዕድኑን በሚወረወሩት ቆፋሪዎች ያስወጣሉ፤ ከዚያም ሰው የሚነዳቸውን ኤስ.ሲ.ቪዎች ሆን ብለው ወደ ሞት ይልካሉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሲሞት ለአንድ ወታደር ቦታ ይለቀቃል። ሰፈሩን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምረው ያቆሙት፣ ቤቱን የሠሩት፣ የተሰበረውን የጠገኑት እነርሱ ናቸው። በመጨረሻ ግን ሒሳቡ ትርፍ አድርጎ ያገኛቸዋል።

ይህን በትረካው ውስጥ የጻፈ ደራሲ የለም። የጻፈው ደንቡ ነው። ድካም የማይሰማው፣ ቀለብ የማይጠይቅ፣ የማይኮበልል ሠራተኛ ሲመጣ፣ የሚደክመውና ቦታ የሚይዘው ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ደንቡ በራሱ ቋንቋ ተናገረ። የቻፔክ ተውኔት ውስጥ ሮቦቶቹ በሰው ላይ ያምፃሉ። በስታርክራፍት ግን ማንም አላመፀም፤ የሰው ሠራተኛውን ለሞት ያበቃው የሮቦቱ ታዛዥነት ነው።

ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

ሁለት መቃወሚያዎች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው፣ የ64 ሰከንዱ ዕድሜም ሆነ ነጻ መሆኑ የሦስቱን ዘሮች አቅም ለማመጣጠን የተደረገ ቀመር እንጂ ሐሳብ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቀመር ነው። ነገር ግን በግጥምም ቤት መምታት የቅርጽ ግዴታ ነው። ገጣሚው ቤት ለመምታት ሲል የመረጠውን ቃል ግን ትርጉም የለውም ብለን አናልፈውም፤ እንዲያውም በግዴታው ውስጥ ምን እንደ መረጠ እንጠይቃለን። አዘጋጆቹ ሚዛኑን በሌላ መንገድም መጠበቅ ይችሉ ነበር። የመረጡት ግን ከሰማይ የሚወድቅና የሚፈርስ ሠራተኛ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ደግሞ በተቃራኒው፣ የበቅሎዋ ኩብለላ የእጅ ስሕተት ቅጣት እንጂ ፈቃድ አይደለም የሚል ይሆናል። ይህም በከፊል ትክክል ነው። ሆኖም ቅጣቱን «ተሳስተሃል፣ ገንዘብህ ተቀንሷል» ብሎ ማሳየት ይቻል ነበር። በንተን ቤሪ ግን እንስሳዋ ስትሮጥ አሳየችን። በኪነ ጥበብ ውስጥ አንድ ነገር በምን አምሳል ቀረበ የሚለው ጥያቄ፣ ነገሩ ምንድን ነው ከሚለው ጋር እኩል ክብደት አለው።

በዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ሥራ ደግ፣ ሁለተኛው ክፉ ነው ማለት አይደለም። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት የሁለቱ ዓለም ነው። በኢራታ ጉልበት የሚውለው ሰፈር ለማቅናት ነው፤ ሰፈሩ ከወደቀ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። በስታርክራፍት ጉልበት የሚውለው ለጦርነት ነው፤ ጦርነት ደግሞ ሠራተኛውን በስንቅነት ብቻ ያየዋል። ከዚህ አንጻር ስታርክራፍት ስለ ጦር ኢኮኖሚ ከብዙ የጦር ትረካዎች ይበልጥ ሐቀኛ ነው። ታሪኩ ስለ ጀግና ይተርካል፤ ደንቡ ግን ጀግናውን የሚያቆመው ማን እንደ ሆነ ሳይደብቅ ይቆጥራል።

መደምደሚያ፦ ስሙን በአማርኛ ማን እንበለው?

የመጨረሻው ጥያቄ የትርጉም ነው፤ ከእኛ ትምህርት ክፍል ሥራ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አንድ ተማሪ እነዚህን ሥራዎች ወደ አማርኛ ቢመልስ፣ መዝገበ ቃላቱ ለሁለቱም «በቅሎ» ይሰጠዋል። ነገር ግን በእንግሊዝኛው ባህል ሚዩል በዋናነት የልፋትና የእልከኝነት ምልክት ነው። በእኛ አገር በቅሎ የመኳንንትና የካህናት መቀመጫ ናት፤ ያጌጠ ኮርቻ የተጫነላት፣ የክብር ስጦታ የነበረች ናት። ጭነቱን የሚሸከመው አህያው ነው። ስለዚህ ቃሉን በቀጥታ የመለሰ ተርጓሚ የሠራተኛውን ማዕረግ ሳያስበው ከፍ ያደርገዋል።

ለ1983ቱ ይህ ከፍታ ያስኬዳል። ገመድ የምትበጥስ፣ ዋጋዋ ገበያ የሚያናጋ፣ በዳንስ የምታሸንፍ ፍጡር በቅሎ ብትባል አያንሳትም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥም በአንስታይ ጾታ የተጠራችው ለዚህ ነው፤ አማርኛ ጾታ ያስመርጣል፣ ምርጫውም ንባብ ነው። ለ2010ሩ ግን በቅሎ የሐሰት ክብር ይሆናል። አህያ እንበለው ብንል እንኳ፣ የአማርኛዋ አህያ በተረት አንደበት አላት፤ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብላ ስለ ፍጻሜዋ ትናገራለች። ይህ ማሽን ይፈርሳል፤ ሰርዶውም ለሌሎች ይበቅላል፤ እርሱ ግን ምንም አይልም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚመርጠው «አጋሰስ» የሚለውን ነው። አጋሰስ የጭነት ከብት ነው፤ ለመጫን እንጂ ለመቀመጥ አይፈለግም፤ በተረትም ሲናገር እምብዛም አንሰማውም። ከጊዜ በኋላ ስሙ ለሰው ስድብ ሆኗል። ሸክሙን ሁሉ የተሸከመው ከብት ስሙ ስድብ ሆኖ መቅረቱ፣ ቋንቋችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ከወቀሳ ነጻ እንዳልሆነ ያስረዳል። ስለዚህ አጋሰስ የሚለው ትርጉም የባዕዱን ማሽን ብቻ ሳይሆን የእኛንም አተያይ ያጋልጣል።

ወደ መነሻችን እንመለስ። ጭነት የሚያደርሰውን ገጸ ባሕርይ የማለፍ ልማድ የጨዋታ ተጫዋች ብቻ አይደለም፤ የሐያሲም ነው። የስታርክራፍት ተጫዋች ዓይኑ ጦርነቱ ላይ ስለ ሆነ የፈረሰውን ቆፋሪ አያየውም። እኛም ልቦለድ ስናነብ ዓይናችን ከጀግናው ላይ አልነሣ ካለ፣ ምግቡን ያቀረበው፣ ፈረሱን የጫነው፣ ደብዳቤውን ያደረሰው በስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንደ ጠፋ ሳናውቅ መጽሐፉን እንዘጋዋለን። በሚቀጥለው ንባባችን ያንን ሰው ፈልገን፣ ስሙንና ፈቃዱን፣ ፍላጎቱንና ፍጻሜውን ብንጠይቅ፣ የምናውቀው መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።